«ተያያዥ» ያልናቸው ሁሉ፦ ስለ አጃቢ ነገሮች አሰያየም የቀረበ አስተያየት

የድኅረ ምረቃ ጥናቶችን፣ የመሥሪያ ቤት ሪፖርቶችንና የጤና ትምህርት ጽሑፎችን የሚያነብ ሰው አዘውትረው ከሚገጥሙት ቃላት አንዱ «ተያያዥ» ነው። «የመሬት ይዞታና ተያያዥ ጉዳዮች»፣ «የስኳር በሽታና ተያያዥ የጤና ችግሮች»፣ «የግንባታ ዕቃዎችና ተያያዥ ግብዓቶች» እየተባለ ይጻፋል። ቃሉ በራሱ ጥፋት የለበትም፤ አንድ ነገር ከሌላው ጋር በሆነ ገመድ መታሰሩን ይናገራል። የሚደብቀው የገመዱን ዓይነት ነው። የትኛው ዋና፣ የትኛው ተከታይ ነው? ተከታዩ የመጣው ተጠርቶ ነው ወይስ ራሱን ጋብዞ? ዋናው ያለ እርሱ መቆም ይችላል? ለእነዚህ ጥያቄዎች «ተያያዥ» መልስ የለውም፤ መልስ ስለሌለውም ለጸሐፊው ይመቻል። በንግግር «ምናምን» የምንለውን ክራባት አስረን ወደ ጽሑፍ አስገባነው ብል ብዙ ያጋነንሁ አይመስለኝም።

የዚህ አጭር ጽሑፍ አቋም የሚከተለው ነው። አማርኛ አብረው ለሚሄዱ ነገሮች ያለው አንድ የወል ስም ሳይሆን እንደ ዝምድናቸው ዓይነት የተለያዩ በርካታ ስሞች ናቸው። እነዚህን ሁሉ በአንድ ቃል መተካት የውበት ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ዝም ማለት ይቻል ነበር። ነገር ግን ቢያንስ በአንድ መስክ፣ በጤና፣ አንባቢውን ለተሳሳተ ውሳኔ የሚያጋልጥ ሆኖ ስላገኘሁት ጉዳዩ ውይይት ይገባዋል እላለሁ።

ጉዳዩን ከማዕድ መጀመር ይቀልላል። «ማባያ» የምግብ ስም አይደለም፤ የሹመት ስም ነው ማለት ይቻላል። እንጀራው ወይም ዳቦው ባዶውን እንዳይበላ የሚያደርግ ማናቸውም ነገር፣ ወጥም ይሁን አዋዜ፣ ተልባም ይሁን ሚጥሚጣ፣ በዚያች ሰዓት ማባያ ነው። ሹመቱ ሲያበቃ ወደ ገዛ ስሙ ይመለሳል። በቃሉ ውስጥ ማን ዋና እንደሆነ አያጠራጥርም፤ ዋናው እንጀራው ነው። ዛሬ ግን በከተማ ምግብ ቤት የተቀመጠ ተመጋቢ «ጥብስ» ወይም «ሽሮ» ብሎ ያዛል፤ እንጀራው ሳይጠራ ይመጣል፤ ሲያልቅም «እንጀራ ይጨመር» ይባላል። አጃቢውና ታጃቢው ቦታ ተለዋውጠዋል። «ማባያ» የሚለው ቃል በከተማ እየተዘነጋ የመጣው የሚሰይመው ነገር ስለጠፋ ሳይሆን ዝምድናው ስለተገለበጠ ይመስለኛል።

«ማወራረጃ» ደግሞ ሌላ ነው። ማባያው ከምግቡ ጋር ሲሄድ ማወራረጃው ተከትሎት ይመጣል፤ ሥራውም ጥም ማርካት ሳይሆን የተበላውን ወደ ታች መሸኘት ነው። የሒሳብ ሠራተኞች ይህንኑ ግስ ወስደው ቅድሚያ ገንዘብ የተሰጠው ሠራተኛ ደረሰኙን አቅርቦ ሒሳቡን «ያወራርዳል» ይላሉ። በጉሮሮ የቆመውና በመዝገብ የቆመው በአንድ ግስ መውረዳቸው ከአንድ ኮሚቴ ሊወጣ የማይችል ስያሜ ነው። «የቡና ቁርስ» ስንል ቡናው ዋና ሆኖ ቆሎው፣ ዳቦው ወይም ፈንዲሻው ተከታይ ነው፤ በጠዋቱ ቁርስ ግን ምግቡ ዋና ሆኖ ሻዩ ወይም ቡናው ይከተላል። «ምራቂ» በገበያ ከልኩ በላይ በነጻ የሚጨመረው ነው፤ ገዢው ይጠብቀዋል፣ ይጠይቃልም፣ ነገር ግን መብቴ ነው ብሎ ሊከራከርበት አይችልም። «ጉርሻ» ለአስተናጋጅ ከሚከፈለው በላይ ስለሚሰጥ ወደ ምራቂ የተጠጋ ይመስላል፤ ነገር ግን አቅጣጫው የተገላቢጦሽ ነው፤ ምራቂ ከሻጭ ወደ ገዢ፣ ጉርሻ ከተስተናጋጅ ወደ አስተናጋጅ ይሄዳል። ሁለቱም ጭማሪዎች ናቸው፤ ሁለቱንም «ተጨማሪ ክፍያና አገልግሎት» ብሎ የጻፈ ሰው ግን ስለ ገበያው የሚያውቀውን ሁሉ ጥሎ ነው የጻፈው።

ከእነዚህ ቃላት አብዛኞቹ ከግስ የወጡ ናቸው። «ማባያ»፣ «ማወራረጃ»፣ «ማጣፈጫ»፣ «ማዳመቂያ»፣ «መደረቢያ»፣ «መክደኛ» ሁሉም የመሣሪያ ስም በሚወጣበት መንገድ የተሠሩ ሲሆኑ ተከታዩ ለዋናው ምን እንደሚሠራለት በስማቸው ውስጥ ይናገራሉ። «ተያያዥ» ግን የታሰረን ነገር እንጂ የሚሠራን ነገር አይሰይምም። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው።

ሰው ሰውን ሲከተልም ቋንቋው ይህንኑ ጥንቃቄ አይተውም። ሚዜ በሙሽራው ተመርጦ፣ ቁጥሩ ታውቆ፣ ግዴታ ተቀብሎ የሚቆም ነው። አጃቢ ግን ብዛቱ አይታወቅም፤ የሚጨምረው ክብር ነው። አጃቢው ቢቀር ሰርጉ ይቀዘቅዛል እንጂ አይፈርስም። ለፊልም የሚሠራውን ሙዚቃ «ማጀቢያ ሙዚቃ» ብሎ የሰየመው ሰው ማን እንደሆነ ባላውቅም ትክክለኛውን ዝምድና መርጧል እላለሁ፤ ሙዚቃው ቢወጣ ፊልሙ ፊልም መሆኑ አይቀርም፣ ግርማው ግን ይቀንሳል። በባህላዊ ዘፈን ያለው «ተቀባይ» ግን አጃቢ አይደለም። አውጪው የጀመረውን የሚዘጋለት እርሱ ነውና ተቀባይ የሌለው አውጪ ግማሽ መንገድ ላይ ይቆማል። «ደባል» ቤት የሚጋራ ነው፤ ከሁለቱ አንዱ የሌላው አገልጋይ አይደለም። «ግብረ አበር» ደግሞ፣ ስሙ እንደሚያሳየው፣ በግብር ብቻ ያበረ ነው፤ ከዚያች ድርጊት ውጭ ከዋናው አድራጊ ጋር ዝምድና ላይኖረው ይችላል።

ከዚሁ «አበረ» ከሚለው ግስ የወጣው «አባሪ» በቢሮ ደብዳቤ ግርጌ ዘወትር ይታያል። እዚህ ላይ አንድ የሚያስፈግግ ነገር አለ። ሃምሳ ገጽ ሪፖርት በአንድ ገጽ ደብዳቤ ሲላክ ደብዳቤው ዋና፣ ሪፖርቱ «አባሪ» ይባላል። ሆኖም ያው ደብዳቤ «ሸኚ ደብዳቤ» የሚል ስም አለው፤ ሸኚ ደግሞ ተጓዡ ሌላ መሆኑን ያምናል። በአንድ ወረቀት ላይ ሁለት የሚቃረኑ ስያሜዎች ተቀምጠዋል፤ አንደኛው በመዝገብ ቤት ዓይን፣ ሁለተኛው በላኪው ዓይን። እኔ ሁለተኛውን አምናለሁ። አንድ ሰው ከቀበሌ ወደ ቀበሌ ሲዛወር የሚሰጠው «መሸኛ» የተባለውም ወረቀት በዚሁ መንፈስ የተሰየመ ነው፤ ዋናው ሰውየው ነው፣ ወረቀቱ ይሸኘዋል።

ባለቤታቸው የማይፈልጋቸው ተከታዮችም ስም አላቸው፤ «ኮተት»፣ «ግሳንግስ»፣ በሌላ ዛፍ ላይ የምትበቅለው «ተቀጽላ»። «ጓዝ» ግን መካከለኛ ነው። ጓዝ ሸክም ነው፣ ነገር ግን የራስ ሸክም ነው፤ መንገደኛ ይማረርበታል እንጂ አይጥለውም። ይህን ቃል ኋላ ስለምፈልገው አንባቢ ልብ ይበልልኝ።

እስካሁን ያነሳሁት ስለ ስሞች ነው። ሰዋስዉም የራሱ ድርሻ አለው። «ከ…ጋር» እና «ከነ» የተሰኙት ሁለት መንገዶች በብዙዎች ጽሑፍ እንደ ተመሳሳይ ይቆጠራሉ፤ አይደሉም። «ከነጫማው ተኛ» ብንል ሰውየው ጫማውን ሳያወልቅ መተኛቱን እንረዳለን። «ከጫማው ጋር ተኛ» ብንል ጫማው አልጋ የተጋራ ባልንጀራ ይሆንና ሰሚው ይስቃል። «ከጎረቤቱ ጋር መጣ» ይባላል፤ «ከነጎረቤቱ መጣ» ግን ጎረቤቱን እንደ ዕቃ የሚቆጥር ጌታ ካልሆነ በቀር አይባልም። «ከነልጆቿ»፣ «ከነአፎቱ»፣ «ከነማሩ»፣ «ከነሕይወቱ» ስንል የተከታዩ መገኛ በዋናው ዘንድ መሆኑን እናውጃለን፤ ለዚህም ነው «ከነ» በአብዛኛው ባለቤቱን የሚያመለክት ቅጥያ በስሙ ጫፍ የሚፈልገው። «ጋር» ግን ሁለት ለየብቻቸው የሚቆሙ ነገሮችን ያገናኛል።

ይህ የሰዋስው ልዩነት በውል ላይ ገንዘብ ያወጣል። «ቤቱን ከነዕቃው ሸጥሁ» ያለና «ቤቱን ሸጥሁ» ያለ ሰው ሲከራከሩ ፍርድ ቤት የሚያየው ጉዳይ ተከታይ ነገር ዋናውን ይከተላል ወይስ አይከተልም የሚል ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ይህን ጥያቄ አልዘለለውም። የንብረቱ ዋና አካል ሆኖ ያለ ጉዳት ሊነጠል የማይችለውን፣ ባለቤቱ ለንብረቱ አገልግሎት በቋሚነት ከመደበው ነገር ይለያል፤ ጥርጣሬ በተነሣ ጊዜም በዋናው ላይ የተደረገው ውል ተከታዩንም እንደሚጨምር ይደነግጋል። በውሉ ላይ «ከነ» የምትለዋን ሁለት ፊደል የጻፈ ሰው ይህን ሁሉ ክርክር ቀድሞ ዘግቶታል። «ቤቱንና ተያያዥ ንብረቶችን» ብሎ የጻፈ ግን ክርክሩን ራሱ ከፍቶታል።

«ከነ» ውስጥ «እነ» የምትባለው ቃል ያለች ይመስላል። «እነ አልማዝ መጡ» ሲባል አልማዝ ብቻ ሳትሆን ከእርሷ ጋር የሚቆጠሩት ሁሉ መጥተዋል፤ ስማቸውን መዘርዘር አያስፈልግም፣ ባዕዳንም አይደሉም። በጥናት ጽሑፎቻችን ግን ብዙ ደራስያን ያሉትን ሥራ ስንጠቅስ «አልማዝና ሌሎች» እንላለን። «ሌሎች» የሚለው ቃል አብረው የጻፉትን ሰዎች ከደጅ ያቆማቸዋል፤ «እነ» ደግሞ ከቤት ያስገባቸዋል፣ አጭርም ነው። አንድ ተማሪ በመመረቂያ ጽሑፉ «እነ አልማዝ» ብሎ ቢጠቅስ የንግግር ቋንቋ ተጠቀምህ ተብሎ ሊታረም አይገባም የሚል እምነት አለኝ። ክፍሎች የአጠቃቀስ መመሪያቸውን ሲያሻሽሉ ቢያስቡበት መልካም ነው።

ስለ ግስ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። አማርኛ ሥራን በማሠራትና ሥራን አብሮ በመሥራት መካከል ያለውን ልዩነት በግሱ ቅርጽ ይለያል። «አስጨረሰ» ሌላው እንዲጨርስ አደረገ ማለት ሲሆን «አጫረሰ» በመጨረሱ ሥራ አገዘ ማለት ነው። «አፋለገ» በፍለጋ አብሮ የደከመ ነው። «አዋላጅ» የምትባለው ሴት አትወልድም፣ አታስወልድም፤ ከምትወልደው ጋር ትቆማለች። የመመረቂያ ጽሑፍ ምስጋና የሚጽፉ ባልደረቦቼ አማካሪያቸው ያስጨረሳቸው ይሁን ያጫረሳቸው ለይተው ቢጽፉ ብዙ ነገር በአንድ ፊደል ይታወቅ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ሥጋቴ ልግባ። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ታማሚ መገኘቱ ከተነገረ በኋላ በነበሩት ወራት «ተጓዳኝ በሽታ» የሚለው ስያሜ ከሐኪሞች ክፍል ወጥቶ በየቤቱ ገባ። ስያሜው ጥሩ ነው ብዬ አምናለሁ። «ጓደኛ» ከሚለው ቃል ጋር ስለሚዛመድ ማንም ሰው ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ አንደኛው በሽታ ሁለተኛውን ወለደው አይልም። ሁለቱ በአንድ አካል ውስጥ እንደ ደባል ይኖራሉ፤ የመጡበት መንገድ አንድ ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል። ቃሉ ከሚያውቀው በላይ አይናገርም።

ችግሩ ይህ መልካም ስያሜ ከሌሎች ጎረቤቶቹ ጋር ተቀላቅሎ «ተያያዥ የጤና ችግሮች» በሚባለው ከረጢት ውስጥ መግባቱ ነው። አንድ ታማሚ እናስብ። ሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ አለበት። የደም ግፊትም አለበት። የስኳር መጠኑ ለዓመታት ከፍ ብሎ በመቆየቱ የዓይኑ ውስጠኛ ክፍል መጎዳት ጀምሯል። ሜትፎርሚን የተባለውን መድኃኒት ከጀመረ ወዲህ ደግሞ ሆዱን ያውከዋል። በእጁ ያለው ጽሑፍ እነዚህን ሦስቱን በአንድነት «ከስኳር በሽታ ጋር ተያያዥ የሆኑ ችግሮች» ይላቸዋል። ስሕተት ተጽፏል ማለት አይቻልም፤ ሦስቱም ተያይዘዋል። ይሁን እንጂ ከታማሚው የሚጠበቀው ነገር በሦስቱም ዘንድ የተለያየ ነው። ደም ግፊቱ ጓደኛ ስለሆነ ስኳሩ ቢስተካከል እንኳ ለራሱ ክትትልና ሕክምና ይፈልጋል። የዓይኑ ጉዳት ስኳሩ ያስከተለው ስለሆነ ከዓይን ምርመራው ጎን ለጎን ዋናው ላይ መበርታት ያስፈልጋል፤ ኩላሊት፣ ነርቭና እግርም ተመሳሳይ አደጋ ላይ ናቸው። የሆዱ መታወክ ግን ከበሽታው ሳይሆን ከመድኃኒቱ የመጣ ነው፤ ብዙውን ጊዜ መድኃኒቱን ከምግብ ጋር በመውሰድ ይቀልላል፤ ካልቀለለም ሐኪሙን አነጋግሮ መጠኑን ወይም ዓይነቱን ማስተካከል ይቻላል። ሦስቱን በአንድ ስም የሰማ ታማሚ ሆዱ በታወከ ጊዜ «ስኳሩ ባሰብኝ» ብሎ ሊደነግጥ፣ ወይም ዓይኑ በደከመ ጊዜ «የመድኃኒቱ ነው» ብሎ መድኃኒቱን ሊያቋርጥ ይችላል። ከሁለቱ የባሰው ሁለተኛው ነው፤ ዓይኑን የሚጠብቅለትን ትቶ ዓይኑን የሚጎዳውን ይዞ ይቀራልና።

ለመድኃኒት ተከታይ ውጤት የተለመደው ስያሜ «የጎንዮሽ ጉዳት» ነው። «ጎንዮሽ» የሚለው ክፍል፣ በ«ሁለትዮሽ» አምሳል የተሠራ ቢሆንም፣ ተለምዷልና አልከራከረውም። የምከራከረው «ጉዳት» በሚለው ነው። ከመድኃኒት ጋር የሚመጣ ሁሉ ጉዳት አይደለም። ለአለርጂ የሚሰጡ አንዳንድ የቆዩ መድኃኒቶች እንቅልፍ ያመጣሉ፤ ይህ ለሾፌር አደገኛ ነው፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲያክክ ለሚያድር ሰው ግን እፎይታ ሊሆን ይችላል። የአፍ መድረቅ ያስቸግራል እንጂ በብዙዎች ዘንድ ጉዳት ተብሎ የሚቆጠር አይደለም። መድኃኒት ሰጪው ወረቀቱን አይቶ «አሥራ ሁለት የጎንዮሽ ጉዳቶች አሉት» ሲል ታማሚው የሚሰማው «አሥራ ሁለት ቦታ ይጎዳሃል» የሚለውን ነው። በዚህ ዓይነት የተነገረውን መድኃኒት በፍርሃት መደርደሪያ ላይ የሚተው ሰው ቢገኝ የሚያስገርም አይሆንም።

ቀደም ብዬ ልብ ይባልልኝ ያልሁት ቃል እዚህ ላይ ይጠቅማል። መድኃኒት ሰጪው «ይህ መድኃኒት ጓዝ አለው፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሆድ ያውካል፣ ከምግብ ጋር ይውሰዱት» ቢል ታማሚው ሦስት ነገር በአንድ ጊዜ ይረዳል። የሚመጣው ነገር ከመድኃኒቱ ጋር መሆኑን፣ ሊከብድም ሊቀልልም እንደሚችል፣ በጓዙ ምክንያት መንገደኛውን መመለስ እንደማይገባ። ይህን ስል ስያሜው በመንግሥት ሰነድ ይጻፍ ማለቴ አይደለም። በመስኮት በኩል ለሚደረገው የሁለት ደቂቃ ንግግር ግን ከ«ጎንዮሽ ጉዳት» የተሻለ ይመስለኛል። በጽሑፍ ለመጠቀም «ከመድኃኒቱ ጋር የሚመጡ ስሜቶች» ብሎ በግልጽ መጻፍ፣ እውነተኛ ጉዳት የሆኑትን ደግሞ ለይቶ «ጉዳት» ማለት ይቻላል፤ እንዲያውም ሁለቱን መለየት ታማሚው በፍጥነት ወደ ሐኪም መሄድ ያለበት መቼ እንደሆነ ያሳውቀዋል።

በሽታው ራሱ ላስከተለው ጉዳትስ? ቋንቋችን «መዘዝ» የሚል ስለት ያለው ቃል አለው፤ ከአንድ ነገር ተመዝዞ የሚመጣ ክፉ ነገር ማለት ነው። ዝምድናውን በትክክል ይገልጻል። ቢሆንም በጤና ጽሑፍ ላይ እንዲጻፍ አልመክርም፤ «መዘዝ» ወቀሳ አለበት፣ ታማሚው ጥፋተኛ ነህ የተባለ ያህል ሊሰማው ይችላል። እዚህ ላይ ስም ከመፈለግ ግሱን መተው ይሻላል፤ «የስኳር በሽታው ያስከተለው የዓይን ጉዳት» ብንል ማን ከማን እንደመጣ ያለ ወቀሳ ይታወቃል።

የሚቀርብ ተቃውሞ እንዳለ አውቃለሁ። እንዲህ ያሉ ቃላት የማዕድ፣ የሰርግና የመንገድ ናቸው፤ ሳይንስ ከስሜት የጸዳ ወል ስያሜ ይሻል ይባላል። ይህ ክርክር ግማሽ እውነት አለው። ጸሐፊው ዝምድናውን ገና ሳያውቅ ሲቀር፣ ለምሳሌ ሁለት ክስተቶች አብረው መታየታቸውን እንጂ ምክንያታቸውን ባላረጋገጠ ጊዜ፣ «ተያያዥ» ሐቀኛ ቃል ነው፤ በስታቲስቲክስ ጥናት ከእርሱ ውጭ ቢጻፍ ነው የሚያሳስበው። የምቃወመው ዝምድናው እየታወቀ በስንፍና ሲሸፈን ነው። ቃላቱ የመንደር ናቸው ለሚለው ደግሞ መልሱ በገዛ ሰዋስዋችን ውስጥ አለ። «ተውሳክ» በግእዝ «ወሰከ»፣ ጨመረ፣ ከሚለው የወጣ ተራ ቃል ነበር፤ ዛሬ «ተውሳከ ግስ» ብለን ግስን የሚያብራራውን ቃል፣ «ጥገኛ ተውሳክ» ብለን ደግሞ በሰውና በእንስሳ አካል የሚኖረውን ነፍሳት እንሰይምበታለን። ሰዋስውና ሕክምና አንድን የመጨመር ቃል ተካፍለው ሲሠሩበት ማንም አልተደናገረም።

ቃላቱ የሚጠፉበት ሌላ መንገድ መዝገበ ቃላት ነው። የኪዳነ ወልድ ክፍሌ ሥራ በ1948 ዓ.ም.፣ የደስታ ተክለ ወልድ በ1962 ዓ.ም.፣ የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ጥናትና ምርምር ማዕከል ያዘጋጀው ደግሞ በ1993 ዓ.ም. ወጥተዋል። ውለታቸው ከፍ ያለ ነው፤ የምናገረው ስለ ጉድለታቸው ሳይሆን ስለ ፊደል ተራ ጠባይ ነው። በአበገደም ይደርደር በሀለሐመ፣ ተራው ወጥ ቤት ያገናኘውን ይለያያል። ምጣድ አንድ ቦታ፣ አክንባሎ ሌላ ቦታ፣ ማሰሻ ሦስተኛ ቦታ ይሆናሉ። ወፍጮና መጅ፣ ሙቀጫና ዘነዘና፣ ጀበናና ማቶት እንዲሁ። ዕቃዎቹ በየቤቱ በነበሩበት ዘመን ይህ አላስቸገረም፤ አንባቢው ጥንዱን በዓይኑ ያውቀዋል። አሁን ግን የኤሌክትሪክ ምጣድ ክዳኑን ከፋብሪካ ይዞ ስለሚመጣ አክንባሎ የሚለው ስም ከብዙ የከተማ ቤቶች ወጥቷል። የእህል ወፍጮ ቤት በየሰፈሩ ካለ ወዲህ መጅን በመዳፍ ላይ ከሚወጣው መጅ በቀር የማያውቅ ወጣት ብዙ ነው። ልብ በሉ፤ ምጣድ አልጠፋም፣ ወፍጮም አልጠፋም፤ የሄዱት ተከታዮቹ ናቸው። ዋናው ዕቃ መልኩን ቀይሮ ሲቀጥል ስሙን ይዞ ይሻገራል፤ አጃቢው ግን ስሙን ይዞ ይቀራል። ስለዚህ ቃል ሰብሳቢ ሊቀድመው የሚገባው ለአጃቢው ነው።

አዲስ ነገር ሲገባም የሚሆነው ተመሳሳይ ነው። «ስልክ» አማርኛ ሆኖ ሲኖር፣ ከስልክ ጋር የሚሸጠውን ሁሉ የሱቆቻችን ሰሌዳ «አክሰሰሪ» ይለዋል። የመኪና ሠራተኞች ግን ያረጀውን ክፍል የሚተካውን «መለዋወጫ» ብለው ከሠሩት ቆይተዋል፤ ቃሉ ሥራውን ስለሚናገር ያለ ማንም አዋጅ ጸንቷል። ለስልኩ ዕቃ አንድ የወል ስም ካልተገኘለት ብዬ አልጨነቅም። የሚሸፍነው ሽፋን፣ የሚሞላው መሙያ፣ የሚያዳምጡበት ማዳመጫ ሊባል ይችላል፤ ከእነዚህም የተወሰኑት በአንዳንድ ሰው አፍ ጀምረዋል።

በቋንቋና በሥነ ቃል ክፍሎች የመመረቂያ ርእስ ለሚፈልጉ ተማሪዎች የማቀርበው ሐሳብ በዚሁ መስመር ያለ ነው። አንድን ዋና ዕቃ መርጦ፣ በአንድ ወረዳ ውስጥ፣ አብረውት የሚሄዱትን ሁሉ ስማቸውንና ሥራቸውን መዝግቦ፣ የትኛው ሲጎድል ሥራው እንደሚቆምና የትኛው ሲጎድል እንደማይቆም ከተጠቃሚዎቹ መጠየቅ። ጀበና ከተመረጠ ማቶቱ፣ ውታፉና ረከቦቱ፣ ሲኒው፣ ቁርሱ፣ ዕጣኑ በአንድ ገጽ ሊያልቁ ይችላሉ፤ ዕጣኑ ለቡናው አጃቢ ይሁን ማባያ ግን ባለቤቶቹን ጠይቆ መለየት ነው። ሞፈር የመረጠ ተማሪ ከዚህ የረዘመ ሥራ ይጠብቀዋል። ቀንበሩ፣ እርፉና ማረሻው በብዙ ቦታ ስማቸው አንድ ነው። ወገሉ፣ በማረሻው ግራና ቀኝ የሚቆሙት ሁለቱ ድግሮችና ጠፍሩ ግን እያንዳንዳቸው ከዋናው ጋር ያላቸው ዝምድና ለየብቻ ነው፤ ጠፍሩን ብቻ እንኳ የት የት እንደሚታሰርና በየእስሩ ምን ተብሎ እንደሚጠራ ለማወቅ ከአራሹ ጋር አንድ የእርሻ ወቅት መዋል ያስፈልጋል።